ድንጋዩን ሳላውቅ ባትሪውን ገዛሁ፦ የ14 ወር ልምዴ

ቋንቋችን ላይ አንድ ጣጣ አለ። "ባትሪ" ስንል በእጅ የሚያዘው መብራትም ነው፣ ውስጡ የሚገባውም ነው። ለዚህ ይመስለኛል የድሮ ሰው ውስጡ የሚገባውን "ድንጋይ" ብሎ የለየው። እኔም እዚህ ባትሪ ስል መብራቱን፣ ድንጋይ ስል ውስጡ የሚገባውን ቻርጅ የሚደረግ ሊቲየም አዮን ማለቴ ነው። አለበለዚያ መሃል ላይ እንጠፋፋለን።

የዛሬ 14 ወር አንድ ጉልበተኛ ባትሪ ገዛሁ። ሉመኑን (የብርሃኑን መጠን ልኬት) አይቼ፣ ቪዲዮውን አይቼ፣ ሩቅ ያለ ዛፍ ላይ ሲበራ ሌሊቱን ቀን ሲያስመስለው አይቼ ነው የገዛሁት። ስለ ድንጋዩ አንዲት ደቂቃ አላሰብኩም። ድንጋይ ያው ድንጋይ ነው ብዬ። ከዚያ ወዲህ ሁለተኛ ባትሪ ጨምሬያለሁ፣ ከስምንት በላይ ድንጋይ በእጄ አልፏል፣ አንድ ቻርጀር ጥያለሁ፣ አንዱ እስካሁን ጠረጴዛዬ ላይ አለ። ማታ ማታ ረጅም መንገድ በእግር እሄዳለሁ፣ መኪና ስር እገባለሁ፣ አልፎ አልፎ ድንኳን ይዘን ወጣ እንላለን። ስለዚህ መሳቢያ ውስጥ የተኙ ዕቃዎች አይደሉም። በሳምንት አራት አምስት ቀን ይሠራሉ።

አንደኛው ባትሪ የሚበላው 18650 የሚባለውን ድንጋይ ነው፣ ሁለተኛው 21700ን። ቁጥሩ የስልክ ቁጥር ይመስላል እንጂ የሚናገረው መጠኑን ነው፤ 18 ሚሊሜትር ውፍረት፣ 65 ሚሊሜትር ርዝመት። 21700 ደግሞ 21 በ70። የመጨረሻዋ ዜሮ ቅርጹ ክብ ነው ለማለት ናት። ይህን እንኳ ያወቅኩት ከገዛሁ በኋላ ነው፤ ፍቀዱልኝና ከዚያው ከሞኝነቴ ልጀምር።

የመጀመሪያዎቹን ሁለት ድንጋዮች የገዛሁት በቁጥራቸው ነው። ላያቸው ላይ 9900 ሚሊአምፔር ሰዓት ይላል። ጎናቸው የተደረደሩት 3000 ነው የሚሉት፣ ዋጋቸው ግን ይበልጣል። ሦስት እጥፍ የሚይዝ ነገር በርካሽ ተገኝቶ ማን ይተዋል? ባትሪው ውስጥ ከተትኩና ከፍተኛውን ብርሃን ለቀቅኩት። ለአስር ሰከንድ ያህል ጉድ ነበር። ከዚያ ወረደ። ደግሜ ተጫንኩት፣ ብልጭ ብሎ ወረደ። በሦስተኛው ጭራሽ ድርግም አለ። ባትሪው የተበላሸ መስሎኝ እንዴት እንደምመልሰው ሳሰላስል አመሸሁ።

በማግስቱ፣ እንዲያው በስንፍና፣ አንዱን ድንጋይ የወጥ ቤት ሚዛን ላይ አስቀመጥኩት። 31 ግራም። ከአሮጌ ላፕቶፕ የወጣ አንድ 18650 ነበረኝ፣ እሱን አስቀመጥኩት። 46 ግራም። በዓይን ሲታዩ መንታ ናቸው፣ አንዱ ግን 15 ግራም የሚያህል ሆድ ዕቃ ጎድሎታል። በኋላ ደህና ቻርጀር ስገዛ ለካሁት፤ 9900 የሚለው ድንጋይ የሰጠኝ 1140 ነው። ያ ያረጀው የላፕቶፕ ድንጋይ እንኳ ይበልጠዋል።

ስለዚህ ልብ በሉ። ዛሬ ገበያ ላይ ያለ አብዛኛው ጤነኛ 18650 ጣሪያው 3500፣ ቢበዛ 3600 ግድም ነው፣ በጣም አዳዲስ ጥቂቶቹ ወደ 4000 እየተጠጉ ነው። 21700 ደግሞ 5000 ገደማ ነው፣ አንዳንድ አዳዲሶቹ ወደ 6000 እየተጠጉ ነው። ሊቲየም አዮን በሶኒ በኩል ለገበያ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1991 ነው። ከዚያ ወዲህ ያለው ዕድገት ቀስ በቀስ የመጣ ነው፣ በአንድ ሌሊት ሦስት እጥፍ የዘለለበት ጊዜ የለም። ጉድኢናፍ፣ ዊቲንግሃም እና ዮሺኖ በዚህ ሥራቸው በ2019 የኬሚስትሪ ኖቤል ወስደዋል። 9900 የሚይዝ 18650 የሠራ ሰው ካለ ቀጣዩ ተሸላሚ እሱ ነው፣ ድንጋዩን በርካሽ አይቸረችርም። ጤነኛ 18650 ከ45 እስከ 50 ግራም ይመዝናል፣ 21700 ወደ 70 ይጠጋል። ሚዛን ያለው ሰው ግማሹን ፎርጅድ እቤቱ ሆኖ ያውቀዋል።

ከዚህ በኋላ የነቃሁ መሰለኝ። ስመ ጥር ፋብሪካ የሠራውን፣ ኦሪጅናል፣ 3400 የሚለውን ገዛሁ። ሚዛኑ 47 ግራም አለ። ስለካው 3300 ሰጠ። አንጀቴ ቅቤ ጠጣ። ባትሪው ውስጥ ስከተው ግን ከፍተኛው ብርሃን አሁንም ቪዲዮው ላይ ያየሁትን አያህልም፣ ድንጋዩ ግማሽ ሲደርስ ደግሞ ከመካከለኛው ብርሃን ጋር ልዩነቱ ጠፋ። ፎርጅድ አይደለም፣ አላረጀም፣ ታዲያ ምን ሆነ?

እዚህ ላይ ትንሽ ቆም እንበል፣ የነገሩ ቁልፍ ያለው እዚህ ነው። ሚሊአምፔር ሰዓት የሚነግረን ድንጋዩ ስንት እንደሚይዝ ነው። በአንዴ ስንት መስጠት እንደሚችል አይነግረንም። 20 ሊትር የሞላ ጀሪካን አፉ የእስክሪብቶ ቀዳዳ ያህል ቢሆን ውሃው አለ፣ ግን እሳት ልታጠፉበት አትችሉም። በአንዴ የሚሰጠውን የሚናገረው አምፔሩ ነው፤ ፋብሪካው በመረጃ ወረቀቱ ላይ ያለማቋረጥ ይህን ያህል አምፔር ብሎ ይጽፈዋል። የገዛሁት ድንጋይ ለላፕቶፕና ለመሳሰሉት ቀስ እያለ እንዲሰጥ የተሠራ ነው። የእኔ ባትሪ ደግሞ ሙሉ ጉልበቱን ሲለቅ ወደ 10 አምፔር ይስባል።

በቁጥር ላሳያችሁ። እያንዳንዱ ድንጋይ የራሱ ውስጣዊ መቋቋም አለው፣ በሚሊኦም ይለካል። 50 ሚሊኦም የሆነ ድንጋይ 10 አምፔር ሲጠየቅ ግማሽ ቮልት እዚያው ውስጡ ይቀራል። 20 ሚሊኦም የሆነው የሚያስቀረው 0.2 ቮልት ብቻ ነው። ግማሽ ቮልት ምን ይሆናል አትበሉ፤ ድንጋዩ ሲሞላ 4.2፣ ሲጋመስ 3.6 አካባቢ ነው፣ ኤልኢዲው (ብርሃን የሚሰጠው አምፖል) ደግሞ በሙሉ ኃይል ለመብራት ከ3 ቮልት በላይ ይፈልጋል። በእኔ ባትሪ ውስጥ ቮልቴጁን ከፍ የሚያደርግለት ነገር የለም፣ ድንጋዩ ያለውን በቀጥታ ነው የሚያገኘው። ስለዚህ ያቺ ግማሽ ቮልት ሁሉን ነገር ትወስናለች። የቀረው ግማሽ ቮልት ደግሞ የትም አልሄደም፣ በ10 አምፔር ሲባዛ 5 ዋት ሙቀት ሆኖ ድንጋዩ ውስጥ ቁጭ ይላል። እጄ ላይ ይሰማኝ የነበረው ትኩሳት በከፊል እሱ ነው።

ቀጥሎ የገዛሁት የሳምሰንግ 30ኪው ነው። 3000 ሚሊአምፔር ሰዓት፣ 15 አምፔር። በወረቀት ላይ 400 ሚሊአምፔር ሰዓት ከስሬያለሁ። የመጀመሪያ ማታ ግን ያንኑ ባትሪ በዚህ ድንጋይ ስለቀው ሌላ ባትሪ የገዛሁ ነው የመሰለኝ። ሌላ ዕቃ አልቀየርኩም እኮ፣ ድንጋይ ብቻ ነው።

አሁን ደግሞ በተቃራኒው ልናገር፣ ምክንያቱም ይህን ያወቀ ሰው ሁሉ ወዲያው ወደ ሌላኛው ጽንፍ ነው የሚሮጠው፣ እኔም ሮጫለሁ። ለ21700ው ባትሪ የሞሊሴል ፒ42ኤ ገዛሁለት፤ 4200 የሚይዝ፣ ፋብሪካው 45 አምፔር የሚለው። እውነትም አውሬ ነው። ግን ባትሪዬ 45 አምፔር የት አባቱ ያደርሰዋል? ሲበዛ 12 ወይም 13 ነው የሚስበው፣ እሱንም ለአንድ ሁለት ደቂቃ፤ ከዚያ አካሉ ሲግል ራሱ ብርሃኑን ይቀንሳል። የሁሉም ጉልበተኛ ባትሪ ጠባይ ይሄ ነው፣ ሳጥኑ ላይ የተጻፈው ሉመን የደቂቃ ጉዳይ ነው። ዓመት ሙሉ ራሴን ስታዘብ ከፍተኛውን ብርሃን የምጠቀመው ለማሳየት፣ ወይም ከወዲያ ማዶ የሆነ ነገር ሲንኮሻኮሽ ነው። የቀረውን ጊዜ 300 ሉመን አካባቢ ነኝ። እዚያ ላይ ባትሪው የሚስበው አንድ አምፔር አይሞላም፣ ታዲያ አምፔር ምን ይሠራልኛል? ስለዚህ ድንኳን ይዘን ስንወጣ የምከተው የሳምሰንግ 50ኢን ነው። ወደ 5000 ይጠጋል፣ እስከ 9.8 አምፔር ይሰጣል። ከፍተኛው ብርሃን ትንሽ ይደበዝዛል። ሌሊቱ ግን ይረዝማል። ፒ42ኤው ለእግር ጉዞ ቀረ።

እኔ የምለው እንግዲህ ይሄ ነው፦ መጀመሪያ ባትሪችሁ ስንት አምፔር እንደሚስብ እወቁ፣ ያንን ሳይጨነቅ ከሚችሉት ድንጋዮች ውስጥ ብዙ የሚይዘውን ውሰዱ። በዚህ ቅደም ተከተል።

ስለ ርዝመትም አንድ ነገር አለ። 65 ሚሊሜትር ያልኩት ጠፍጣፋ አናት ያለውን፣ መከላከያ የሌለውን ነው። መከላከያ ሰርኪዩት ያለው ድንጋይ ቂጡ ላይ ሳንቲም የምታክል ቦርድ ይጨመርበታል፣ ብዙ ጊዜ አናቱ ላይም ጉብ ያለች ቁልፍ፣ እና 69 ወይም 70 ይደርሳል። እኔ አንዱን በግድ አስገብቼ ክዳኑን ጠመዘዝኩት። ገባ። ሲወጣ የኋላው ሞላ ተጨፍልቋል፣ ድንጋዩም ቂጡ ጎድጉዷል። ለዚያ ሁሉ ልፋት ደግሞ ከፍተኛውን ብርሃን ስነካ ሰርኪዩቱ "በዛ" ብሎ ይቆርጠዋል፣ ክዳኑን ፈትቼ እስክመልሰው ድረስ ጨለማ። መከላከያ አያስፈልግም እያልኩ አይደለም። ባትሪው ራሱ ቮልቴጁ ሲወርድ የሚያጠፋ ከሆነና የሚበላው አንድ ድንጋይ ከሆነ ያለ መከላከያ እሠራለሁ። ባትሪው ዝም ብሎ እስከ መጨረሻዋ ጠብታ የሚመጥ ከሆነ ግን መከላከያ ያለው ይሻላል። አንዳንድ ባትሪ ደግሞ ድንጋዩ ተገልብጦ እንዳይገባ የፕላስቲክ ቀለበት ስላለው ጠፍጣፋ አናት ጭራሽ አይነካለትም። መመሪያው ላይ ይጻፋል፣ አንብቡት። እኔ አላነበብኩም።

አሁን ወደ ቻርጀር። ሰው ለባትሪ የከፈለውን ከፍሎ እዚህ ሲደርስ ኪሱ የሚያጥርበት ቦታ ነው። የእኔ የመጀመሪያ ቻርጀር ለብቻው የተገዛ እንኳ አይደለም፣ ከድንጋዮቹ ጋር በምርቃት የመጣ ነው። ግድግዳ ሶኬት ላይ በቀጥታ የሚሰካ፣ ሁለት ጉድጓድ፣ አንዲት መብራት። ቀይ ከሆነች እየሞላ ነው፣ አረንጓዴ ከሆነች ሞልቷል። ለሁለት ወር ያህል ጆሮ ዳባ ልበስ ብዬ ተጠቀምኩበት። አንድ ጠዋት ያደረ ድንጋይ ሳወጣ ለብ ብሎኛል። መሞላቱን ከጨረሰ ሰዓታት አልፎታል፣ ለምን ይሞቃል? ቴስተር አመጣሁና ለካሁት። 4.29። ሌላውንም ለካሁት፣ 4.31። ልቤ ቀጥ አለ።

ሊቲየም የሚሞላው እስከ 4.20 ነው፣ የሚፈቀደው ስህተት 0.05 ቮልት ግድም። አሞላሉ ደግሞ ሁለት ደረጃ አለው። መጀመሪያ ቻርጀሩ አንድ ዓይነት ከረንት እየሰጠ ቮልቴጁ 4.20 እስኪደርስ ይጠብቃል። ከዚያ ቮልቴጁን እዚያው ይይዝና ከረንቱ በራሱ እየቀነሰ እየቀነሰ ይሄዳል፤ በጣም ትንሽ ሲሆን ይቆርጣል። ቆረጠ ማለት ቆረጠ ነው። "ጥቂት ጥቂት ላንጠባጥብለት" የሚባለው ነገር ለሊቲየም አይሆንም። የእኔው ግን መብራቷን አረንጓዴ አድርጎ ማንጠባጠቡን ቀጥሏል። ከልክ በላይ የተሞላ ድንጋይ ዕድሜው ያጥራል፣ ሲብስበት ደግሞ ውስጡ ጋዝ ይፈጥራል፣ የጋለ ድንጋይ ጋዝ ደግሞ ቀልድ አያውቅም። ቻርጀሩን ያኔውኑ ጣልኩት፣ ማንም አንስቶ እንዳይጠቀምበት መሰኪያውን ሰብሬ።

ሁለተኛው አራት ጉድጓድ ያለው፣ ስክሪን ያለው ነው። ለእያንዳንዱ ጉድጓድ ቮልቴጁን፣ የገባውን ሚሊአምፔር ሰዓት፣ ያለፈውን ጊዜ ያሳያል። ከረንቱን 300፣ 500፣ 700 ወይም 1000 ብዬ እመርጣለሁ። ድንጋዩን አራግፎ አቅሙን ይለካል። ለዚህች ስል ነው የገዛሁት፣ አልቆጨኝም። ወደ አንድ ዓመት እየተጠጋው ነው፣ የሚያቆመው 4.19 ወይም 4.20 ላይ ነው፣ በቴስተር ደጋግሜ አይቼዋለሁ።

ከረንት ስትመርጡ የአቅሙን ግማሽ አትለፉ ነው የምለው። 3000 የሆነውን በ1000 መሙላት ምንም አይለውም፣ ካልቸኮልኩ በ500 አሳድረዋለሁ። 5000 የሆነው 21700 በ1000 አምስት ስድስት ሰዓት ይፈጅበታል፣ ትዕግሥት ነው። ችግሩ ያለው በትንንሾቹ ላይ ነው፤ 16340 የምትባለው አጭሯ ድንጋይ 700 ገደማ ብቻ ነው የምትይዘው፣ በ1000 ብትሞሏት ማሰቃየት ነው። ለእሷ 300። አንዳንድ ቻርጀር ይህን ምርጫ አይሰጥም፣ ስትከቱት በራሱ ይወስናል። ከመግዛታችሁ በፊት እዩት።

ስክሪኑ ላይ አንዲት የምታሳስት ቁጥር አለች፣ ውስጣዊ መቋቋሙን በሚሊኦም የምታሳየው። አንድ ማታ አንዱ 30ኪው 71 አለኝ። ደነገጥኩ። አወጣሁት፣ መልሼ ከተትኩት፣ 48። በጣቴ ወደታች ጫን ስለው 39። ድንጋዩ እኮ ያው ነው። ቻርጀሩ የሚለካው ድንጋዩን ብቻ ሳይሆን የራሱን ሞላና የሚነካካበትን ብረት ጭምር ነው። በአልኮል የተነከረ ጥጥ ይዤ ጫፎቹን ጠረግኩ፣ ጥጡ ጠቁሮ ወጣ፣ ከዚያ በኋላ ቁጥሩ ተረጋጋ። የባትሪውንም የክዳን ጥርስና ሞላ በዚያው ጠርጌዋለሁ፣ በወር አንዴ ብታደርጉት ብርሃኑ ላይ ይታያል። እና ያቺን ቁጥር እንደ ሐኪም ማስረጃ አትያዟት። በአንድ ጉድጓድ፣ በአንድ ዓይነት አያያዝ፣ ድንጋዮችን እርስ በርስ ለማወዳደር ብቻ ትጠቅማለች።

ቻርጀሩ ስለ መሞላቱ ጎበዝ ነው፣ ስለ ሌላው ያው ነው። ማታ ሰማያዊ ብርሃኑ ክፍሉን ስለሚሞላው ፎጣ ጣል ላድርግበት ብዬ አንዴ አስቤያለሁ፤ እንዳታደርጉት፣ አየር ይፈልጋል። የሚንሸራተቱት ብረቶች ደግሞ ጠርዛቸው ስል ነው። እሱ ወደ ሚቀጥለው ታሪክ ይወስደኛል።

ድንጋይ ላይ ያለው ባለቀለም ላስቲክ ጌጥ አይደለም። ከሥሩ ያለው ቆርቆሮ ከታች እስከ አናቱ ዳርቻ ድረስ ሙሉ በሙሉ ኔጌቲቭ ነው። ፖዘቲቩ መሃል አናት ላይ ያለችው ክብ ብቻ ናት፣ በመካከላቸው ያለው አንዲት ቀጭን ቀለበት ነው። ላስቲኩ አናቱ ጠርዝ ላይ ከተቀደደ የባትሪው አካል ሁለቱን በአንዴ ሊነካ ይችላል። በሰባተኛው ወር አንዱ 30ኪው አናቱ ጋ የጥፍር ያህል ተቀዶ አየሁት፣ ከቻርጀሩ ሲገባና ሲወጣ ነው። "ምን ይላል" ብዬ በዚያው ልጠቀምበት ስል ክዳኑን ከመዝጋቴ በፊት ጢጥ የሚል ድምፅ ሰማሁ፣ ትንሽ ብልጭታ፣ ከዚያ የተቃጠለ ፕላስቲክ ሽታ። እጄን በድንጋጤ ስሰነዝር ድንጋዩ መሬት ላይ ተንከባለለ። ደግነቱ ግንኙነቱ ወዲያው ተቋረጠ። ሲሚንቶ ላይ እንደወደቀ ትቼው ከሩቅ ቆሜ ግማሽ ሰዓት ጠበቅኩ። ያንን ድንጋይ ዳግም አልተጠቀምኩበትም።

አሁን በሙቀት የሚኮማተር ላስቲክ በልኩ ገዝቻለሁ፣ የአናቷን የወረቀት ቀለበትም ጭምር። የተጫረ ነገር ካየሁ ያኔውኑ እቀይረዋለሁ፣ በፀጉር ማድረቂያ ሁለት ደቂቃ ነው። ትርፍ ድንጋይ ኪስ ውስጥ ከቁልፍና ከሳንቲም ጋር መያዝ ደግሞ እብደት ነው፤ የፕላስቲክ ሳጥን አላቸው፣ እሱ ውስጥ ይሁኑ። በአውሮፕላን ስትሄዱም ትርፉ ከእናንተ ጋር በእጅ ሻንጣ እንጂ በሚጫነው ውስጥ አይገባም። አንድ 18650 ቢበዛ 13 ዋት ሰዓት ገደማ ነው፣ ከ100ው ወሰን በጣም የራቀ ነው፣ አትጨነቁ።

ሁለተኛው ባትሪዬ ራሱ ላይ በታይፕ ሲ ቻርጅ ይሞላል። ደስ ይላል፣ መንገድ ላይ ቻርጀር አልሸከምም። ግን ሦስት ነገር ታዘብኩ። አንደኛ፣ ከሁለቱም በኩል ታይፕ ሲ በሆነ ገመድ አይሞላም። አምራቹ ሁለት ሳንቲም የማይሞሉ ሬዚስተሮችን አልጨመረበትም፤ በድሮው ሰፊ መሰኪያ ጫፍ ብቻ ነው የሚሠራው። ሁለተኛ፣ የቀዳዳው የጎማ ክዳን በአምስተኛው ወር ላላ። ውሃ የማይገባው የተባለው ባትሪ ዝናብ ሲመጣ አሁን በአውራ ጣቴ ነው የምደፍነው። ሦስተኛ፣ መሙላቱን ብቻ እንጂ ምን ያህል እንደገባ አይነግርም። ለጉዞ አሪፍ ነው፣ ቤት ውስጥ ግን ወደ አራት ጉድጓዱ እመለሳለሁ። ሌላ ባትሪ ልገዛ ስል ደግሞ ከራሱ ድንጋይ ውጭ የማይበላ፣ ፖዘቲቭና ኔጌቲቩን አንድ ጫፍ ላይ ያደረገ ዓይነት አጋጠመኝ። ተውኩት። ድንጋዩ ሲሞት ባትሪውም አብሮ ይሞታል።

ሁለት ወይም ሦስት ድንጋይ አንዱ ከአንዱ ኋላ ተሰልፎ የሚገባበትን ባትሪ አልገዛም። አንድ ጓደኛዬ ያለውን ለሳምንት ሰጥቶኝ ነበር። ድንጋዮቹን ስለካቸው አንዱ 4.1፣ አንዱ 3.5፣ ከተለያየ ፋብሪካ። ደካማው ቀድሞ ሲያልቅ ጠንካራው በላዩ ላይ ከረንት እየነዳ ወደ ኋላ ይገለብጠዋል፣ ያ ሁሉ ነገር የሚሆነው ደግሞ በጥርስ በተዘጋ የአሉሚኒየም ቱቦ ውስጥ ነው። ጋዝ መውጫ የለውም። ባትሪውን ስመልስለት "አብረው የተገዙ፣ አብረው የሚሞሉ፣ አብረው የሚጣሉ ይሁኑ" ብዬ በማርከር ሀ እና ለ ጻፍኩለት። ሳቀብኝ። ግን ድንጋዮቹን ቀይሯል።

አንድ ድንጋይ ደግሞ በመርሳት ገደልኩ። ባትሪው በዝቅተኛው ብርሃን ቦርሳ ውስጥ በርቶ ሁለት ሳምንት ቆየ። ያኛው ባትሪ በራሱ የሚያጠፋ አይደለም። ሲወጣ 1.8 ቮልት። አንዳንድ ቻርጀር እንዲህ ያለውን "አስነሳዋለሁ" ይላል። እንዲህ ከልኩ በጣም ወርዶ የቆየ ድንጋይ ውስጡ ያለው መዳብ መሟሟት ሊጀምር ይችላል፣ ሲሞላ ደግሞ ያ መዳብ በማይሆን ቦታ ይጋገርና ከውስጥ ሾርት ሊያደርግ ይችላል። ለአንድ ድንጋይ ብዬ ቤቴን አላስይዝም። ከዚያ በኋላ ባትሪ ቦርሳ ሲገባ ክዳኑን ሩብ ዙር ፈታ አደርገዋለሁ፣ በስህተት ቢነካም አይበራም።

ከ14 ወር በኋላ ድንጋዮቹ የት ደረሱ? የመጀመሪያውን 30ኪው አዲስ ሳለ 2960 ለክቼው ነበር፣ አሁን 2830 ነው። አብሮት የተገዛውና ሁልጊዜ ሙሉ ሆኖ መኪና ውስጥ ለክፉ ቀን ይቀመጥ የነበረው፣ ሃያ ጊዜ እንኳ ሳይሞላ፣ 2590 ላይ ነው። ማለትም የሠራው ደህና ነው፣ ያረፈው አርጅቷል። ሙሉ ሆኖ ሙቀት ውስጥ መቀመጥ ለሊቲየም ከሥራ የባሰ ነው። የማልጠቀምበትን አሁን 3.7 አካባቢ አድርጌ ጥላ ቦታ ነው የማስቀምጠው። መኪና ውስጥ የተውኩት አነስ ያለች፣ ተራ የጣት ድንጋይ የምትበላ ባትሪ ነው፣ ኤኔሉፕ ከሚባለው ቻርጅ የሚደረግ የጣት ድንጋይ ጋር። ኒኬል ነው፣ 1.2 ቮልት፣ ጉልበት የለውም፣ ግን ለወራት ተቀምጦ ሲነሳ ይበራል። ቅዝቃዜም አትርሱ፤ ከዜሮ በታች መጠቀም ይቻላል፣ መሙላት ግን አይቻልም፣ መጀመሪያ ክፍል ውስጥ ይሙቅ።

የሞቱት አራት ናቸው፤ ሁለቱ 9900ዎች፣ ላስቲኩ የተቀደደውና የተረሳው። ሁለቱንም ጫፋቸውን በቴፕ ጠቅልዬ አንድ የፕላስቲክ ዕቃ ውስጥ አስቀምጫቸዋለሁ፣ ያገለገሉ ድንጋዮችን የሚሰበስብ ቦታ እስካደርሳቸው። ቆሻሻ መኪና ውስጥ ተጨፍልቀው ቢቃጠሉ ጥፋቱ የእኔ ነው። ቂጡ የጎደጎደው ደግሞ ገና ነው፤ ትናንት ለካሁት፣ ቮልቴጁ ደህና ነው፣ ግን አላመንኩትም። አሁን ቴፕ እየፈለግኩለት ነው።